ለምሳሌ የጻፍኩት ደንበኛ

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ተናድጄ ነው።

"ውሸቷን ነው" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እንዲያውም ጥቂት ቀንሻለሁ፤ አንዳንዱን ልጽፈው ስል እጄ እምቢ ይለኛል።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም፣ መብራት አልጠፋም። ፀሐይ ወጥታለች። ሰው መንገድ ላይ እየተሳሳቀ ይሄዳል።

በዚያች ሰዓት ነው...

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምሠራው በርና ቁልፍ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይከፈት ክፍል፣ ከፎቶኮፒ ማሽኑ አጠገብ። ሥራዬ መመሪያ መጻፍ ነው። ድሮ የምጽፈው ለሰው ነበር፤ "ቁልፉን ወደ ቀኝ ያዙሩ" ምናምን። ማንም አያነበውም። ሰው መመሪያ የሚያነበው ዕቃውን ከሰበረው በኋላ ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ለማሽን መጻፍ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ በር ሊገዛ ይችላል ብሎ ለሚያስበው ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አንድ ካርድ ይከፍታል። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ። ከዚያ ሰውየው የደረሰበት ደረጃ ይጻፋል፦ አዲስ፣ ተደውሏል፣ ቤቱ ታይቷል፣ ፈርሟል። ድምፁ የጠፋ ሰው ደግሞ "ጠፍቷል" ይባላል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ የሽያጭ መስመር ነው። ድሮ መስመሩን የሚከታተሉት ሻጮች ነበሩ። አሁን ግን ኤጀንት የሚባሉ ፕሮግራሞች ተተክተዋል፤ ካርዱን ራሳቸው ይፈልጋሉ፣ ራሳቸው ይደውላሉ፣ በሰው ድምፅ ያወራሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ።

ካርዶቹን የሚፈልጉበት አዲስ መሣሪያ ተሠራላቸው። እንዴት እንደሚጠቀሙበት መጻፍ የኔ ድርሻ ሆነ።

ልብ በሉ፦ ሰው መመሪያ አያነብም። እነሱ ግን ያነባሉ። ቃል በቃል። ያላችኋቸውን ሁሉ ያደርጋሉ።

የሽያጭ ኃላፊውን ቶሎቶሎ ነው የምንለው። ሰላምታውም፣ ስንብቱም፣ ቁጣውም "ቶሎ ቶሎ" ስለሆነ። ሰኞ ጠዋት መጥቶ ጠረጴዛዬን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"መመሪያው ለነገ ጠዋት።"

"ሁለት ሳምንት ተብዬ ነበር እኮ።"

"ለነገ አልኩ። አታካብጂ፤ ቶሎ በይ።"

ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ። ይህን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ ብለው ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስድቡንም አሁኑኑ ስደቡኝና እንገላገል።

እናቴን ቤት ቆልፌባት ነበር ሥራ የምሄደው።

እማዬ መርሳት ጀምራለች። ሁለት ጊዜ ወጥታ ጠፍታብኛለች፤ አንዴ መኪና መንገድ መሀል ቆማ ነው ያገኘኋት፣ በነጠላ ጫማ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ። አብሯት የሚውል ሰው ፈልጌ አጣሁ። ዘመድ ሲጠሩት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ምሳዋን አስቀምጬ፣ ምድጃውን ከሶኬት ነቅዬ፣ ግንባሯን እስማታለሁ።

"ቶሎ እመለሳለሁ። በሩን አትንኪ፣ እሺ?"

"እሺ የኔ ልጅ።"

ከዚያ ከውጭ ሁለቴ እቆልፋለሁ። ቁልፉ የድርጅታችን ነው። ከውስጥ አይከፈትም።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እስቲ ንገሩኝ!

...

መመሪያ ያለ ምሳሌ አይሆንም። ማሽኖቹ ከማብራሪያው ይልቅ ምሳሌውን ነው የሚከተሉት። መሣሪያውን የሠራው ፕሮግራመር፣ መነጽር የምንለው፣ ደጋግሞ አስጠንቅቆኛል። "ደንበኛ ሀ፣ ደንበኛ ለ ብለሽ እንዳትጽፊ። እውነተኛ ካልመሰለ ይደናገራሉ።" የእውነተኛ ደንበኛ ካርድ መጠቀም ደግሞ ክልክል ነው።

ታዲያ ማንን ልጻፍ? ቢደወልለት የማያነሳ፣ በሩ ቢንኳኳ የማይከፍት፣ ማንም መጥቶ "ስሜን ለምን ጻፋችሁ" የማይለኝ ሰው...

አባቴን ጻፍኩት።

አባዬ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። የድሮ ቤታችን ተዘግቶ ቀርቷል፤ ስልኩም ተቆርጧል። ስሙን፣ የድሮውን ቁጥር፣ የድሮውን አድራሻ አስገባሁ። ደረጃ፦ ጠፍቷል። "መጨረሻ የተገኘበት ሰዓት" የሚል ቦታ ነበረ። ሳላስበው እጄ ሞላው፦ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

ከሥሩ ለማሽኖቹ ትእዛዝ ጻፍኩ። "ደንበኛው ካልተገኘ ፍለጋውን ድገም። እስኪገኝ አታቋርጥ። በቤቱ ካጣኸው የቤተሰቡን ቤት ፈልግ።" ይህን ቶሎቶሎ ነው በቃል የነገረኝ፤ ድሮ ሻጮቹንም የሚያባርራቸው በዚሁ ነበር።

ሰኞ ማታ ጨርሼ ላክሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን ለመልቀም እንኳ አልደረስኩም።

...

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መሣሪያው መሥራቱን ልሞክር አልኩ። "ጠፍቷል" የተባሉትን ሁሉ አውጣልኝ ብዬ ጠየቅሁት። ሃያ ሰባት ካርድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት አይቼዋለሁ።

ሃያ ስምንት አወጣ።

የመጨረሻው የአባዬ ነበር።

ምሳሌውን የጻፍኩት መመሪያው ላይ ብቻ ነው። መዝገቡ ውስጥ አላስገባሁትም። ማስገባት ብፈልግም አልችልም፤ ፈቃድ የለኝም።

መነጽርን ጠራሁት።

"አንተ ነህ ያስገባኸው?"

"ኧረ እኔ አልነካሁም።"

"አትቀልድብኝ!"

"ምን ያስቀልደኛል? አንቺው አስገብተሽ ረስተሽው ይሆናል።"

ረስተሽው! ደሜ ፈላ። በኛ ቤት ስንት ሰው ነው የሚረሳው?

መነጽር ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። "ካርዱን የከፈተው ሠራተኛ ስም እዚህ ጋ ይጻፋል" አለና በጣቱ ጠቆመኝ።

ባዶ ነው።

ገጹን አደስኩት። ደረጃው ዓይናችን እያየ ተቀየረ።

ተደውሏል። ተነስቷል። የቆየበት ጊዜ፦ አርባ አንድ ደቂቃ።

"የተቆረጠ ስልክ ነው እኮ" አልኩት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

ኤጀንቶቹ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ደንበኛው ያለውን ባጭሩ ይጽፋሉ። ከሥር አንድ መስመር ነበረች። መነጽር በሹክሹክታ አነበባት።

"ደንበኛው አይናገርም... ያንኳኳል።"

...

አሁን የአባዬን ነገር ልንገራችሁ።

አባዬም ይረሳ ነበር። ያን ጊዜ እማዬ ደህና ናት፤ ግን በዚያ ቀን እህቷ ታማባት ሄዳለች። ስለዚህ ቆልፌበት ወጣሁ። በዚያው ዓይነት ቁልፍ። "ዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ" ብዬዋለሁ። ቦርሳዬን አንስቼ ከቢሮ ልወጣ ስል ቶሎቶሎ በር ላይ ያዘኝ።

"አምስት ደቂቃ ብቻ።"

አምስቷ ደቂቃ ሦስት ሰዓት ሆነች።

ቤት ስደርስ ቁልፉ ዞረ፤ በሩ ግን አልገፋ አለኝ። አባዬ ከኋላው ተደግፎት ወድቆ ነበር።

ጎረቤታችን ሰዓቱን ሳይቀር ታስታውሳለች። "ዘጠኝ ከሃያ ላይ ማንኳኳት ጀመረ" አለችኝ። "ሦስት ይመታል፣ ዝም ይላል። ሦስት ይመታል፣ ዝም ይላል። አርባ ደቂቃ ያህል።"

"ታዲያ ምነው ሰው አልጠራሽ?"

"ሁልጊዜ ያንኳኳል ብለን ነዋ።"

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለመነጽርም፣ ለቶሎቶሎም። አርባዋን ደቂቃ ከኔና ከዚያች ሴትዮ በቀር የሚያውቃት የለም።

...

ቶሎቶሎ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

"አንድ ካርድ አጥፋልኝ። አሁን!"

"ከመስመሩ ላይ ካርድ አይጠፋም።"

"የሞተ ሰው ነው!"

ስክሪኑን ገለጥ አድርጎ አየና ሳቀ። እመኑኝ፣ ሳቀ። "የሞተ ሰው አርባ አንድ ደቂቃ ስልክ ያወራል? ያነሳ ሰው ደንበኛ ነው።"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ አንስቼ ብወረውርበት ደስ ይለኝ ነበር። ትቼው ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ምሳሌውን ከመመሪያው አጠፋሁ። ትእዛዙንም አጠፋሁ። ሙሉ ገጹን አጠፋሁ።

ካርዱ ግን እዚያው ነው። ደረጃው ሌላ ሆኗል።

ቤቱ ታይቷል።

በሩን የከፈተው፦ ማንም። ከውጭ ተቆልፏል።

የደንበኛው ጥያቄ፦ ከውስጥ እንዴት ነው የሚከፈተው?

ቤቱን ያየው ሠራተኛ፦ ባዶ...

 መነጽር ከኋላዬ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ገጹን አላደስኩትም፤ አዲስ መስመር ግን ራሱ እየተጻፈ መጣ።

ደንበኛው በቤቱ የለም። የቤተሰቡ ቤት እየተፈለገ ነው።

"አጥፍቼዋለሁ እኮ" አልኩ። "ትእዛዙን አጥፍቼዋለሁ!"

"አንዴ አንብበውታል" አለ መነጽር ቀስ ብሎ።

ተገኝቷል።

ከሥሩ የኔ አድራሻ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ያው ቁልፍ። ውስጥ አንዲት እናት አለች። ቀጠሮ፦ ዛሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ይላል።

ለእማዬ ደወልኩ። ወዲያው አነሳች። እማዬ ስልክ ወዲያው አንስታ አታውቅም።

"እማዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ቀስ ብለሽ አውሪ..."

"ምነው?"

"ይሰማሻል።"

"ማን?"

 ከስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ሦስት መታ... ዝም። ሦስት መታ... ዝም።

"እማዬ፣ ሰው ከውጭ እያንኳኳ ነው?"

"ከውጭ አይደለም" አለች በሹክሹክታ። "እዚሁ አጠገቤ ነው።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ጨርቄን ማቄን ሳልል ተነሳሁ። ቶሎቶሎ በር ላይ ቆሟል፣ እጁን ዘርግቶ።

"ወዴት ነው? ስለ መመሪያው ስብሰባ አለን። አምስት ደቂቃ ብቻ።"

በዚያው ድምፅ። በዚያው በር። በዚያችው ቃል።

ምን እንዳልኩት አልጽፍላችሁም፤ ብዙ ሰው ያነበዋል። ሦስተኛው ፎቅ ሁሉ ሰማ። ፎቶኮፒ የምታነሳው ልጅ እንኳ ወረቀቷን ጣለች። ገፍቼው ወጣሁ። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ እንደረሳሁት የገባኝ መንገድ ላይ ነው።

...

የቤቴን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ስደርስ ድምፁ ይሰማኝ ጀመር።

ሦስት መታ... ዝም።

ደጃችን ላይ ማንም የለም። በሩ ግን ከውስጥ ሲመታ እየነዘረ ነው። መዳፌን ጣውላው ላይ አሳረፍኩ። ምቱ ከራሴ በላይ ነው። እማዬ ትከሻዬ ድረስ ነው የምትመጣው። ረጅም የነበረው አባዬ ነው።

ሰዓቴ ዘጠኝ ከሃያ ይላል፤ ቁልፉን ከተትኩ። ማንኳኳቱ ወዲያው ቆመ።

ከፈትኩ።

እማዬ ቆማለች። ሹራቧን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ጫማዋን ግራና ቀኙን አሳስታ።

"ማን ነው ሲያንኳኳ የነበረው?" አልኳት በሹክሹክታ።

እኔን አላየችም። አንገቷን አዙራ ወደ ጓዳ ነው የምታየው።

"ውሃ ስጪው" አለች። "እጁ ቆስሏል።"

የበሩን ውስጠኛ ገጽ አየሁ። ከላይ በኩል ቀለሙ ተልጧል። የተላጠው ቦታ እርጥብ ነው...

ሌባ ይሆናል አልኩ። ሰው ሲፈራ ሌባ እንኳ ያምረዋል። እማዬን ደጁ ላይ አቁሜ ገባሁ። ጓዳውን አየሁ። መኝታ ቤቱን አየሁ። አልጋ ሥር አየሁ። ማንም የለም።

ቁልፉን በሩ ላይ ትቼዋለሁ። ከውጭ በኩል።

ይህ ትዝ ያለኝ በሩ ሲዘጋ ነው።

ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይቀሰቀስ ተብሎ እንደሚዘጋ በር። ቁልፉ ዞረ። አንዴ... ሁለቴ። ልክ እኔ እንደማደርገው።

"እማዬ!"

"ቶሎ እመለሳለሁ" አለች ከውጭ። ድምፁ የሷ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። "በሩን አትንኪ፣ እሺ?"

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ደረጃውን ሲወርዱ ይሰማኛል። የእማዬ አጭር እርምጃ... ከጎኗ ደግሞ ሌላ እርምጃ፣ ግራ እግሩን የሚጎትት።

አባዬ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር።

...

ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ማንኳኳት ብቻ ቀረኝ። አስቤበት አይደለም፤ ግን ሦስት እየመታሁ ዝም እያልኩ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ። ሰው በደረጃው ያልፋል። እሰማዋለሁ። እመታለሁ። ያልፋል። እጄ ቆሰለ።

እንዲህ ሦስት ሰዓት አለፈ።

የከፈተልኝ መነጽር ነው፤ ከቶሎቶሎ ስብሰባ ሲወጣ ስልኬን ይዞልኝ መጥቶ። ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ነበር። ማንም ቢያልፍ ማዞር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ታችኛው ፎቅ የምትኖረው ሴትዮ በድምፁ ወጣች፤ አንገቷን አነቅኩ ማለት ይቻላል።

"ሦስት ሰዓት ሙሉ አልሰማሽኝም?!"

"ሰምቼሻለሁ" አለች ደንግጣ። "እናትሽ መስላኝ ነው። ሁልጊዜ ታንኳኳለች እኮ።"

"ማን ነው ሁልጊዜ የሚያንኳኳው?"

"እናትሽ። በየቀኑ። አንቺ ከወጣሽ ጀምሮ እስክትመጪ... አታውቂም ነበር?"

አላውቅም ነበር።

አላውቅም ነበር! ስመለስ ሶፋዋ ላይ ቁጭ ብላ ነው የማገኛት። እጇን ሹራቧ ውስጥ ከትታ። "እንዴት ዋልሽ?" ስላት "ደህና" ትለኛለች። እጇን አንድ ቀን አውጪና አሳዪኝ ብያት አላውቅም። ቶሎቶሎን ተሳድቤአለሁ፣ ዘመዶቼን ተሳድቤአለሁ፣ ማሽኑን ተሳድቤአለሁ። ይህን ስሰማ ግን የምሰድበው ሰው አንድ ብቻ ቀረኝ።

ከመነጽር ጋር ፈልገን እማዬን ያገኘናት የድሮው ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፉ ከነመያዣው ተፈትቶ እግሯ ሥር ተቀምጧል፤ አራቱ ብሎኖች በተርታ ተደርድረው።

"ማን ፈታው እማዬ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ" አለችኝ። "አባትሽ አሁን ገና አረፈ።"

እጇን ያዝኩ። የጣቶቿ አንጓ ሁሉ ጠባሳ ነው። አሮጌው ላይ አዲሱ፣ አዲሱ ላይ ትናንትና የቆሰለው።

...

ሥራውን ለቅቄአለሁ። ቁልፉን በመዶሻ ሰብሬ ጥያለሁ። አሁን በሬ ቀን ሙሉ ክፍት ነው፤ ይህን የምጽፍላችሁም እደጁ ላይ ወንበር አውጥቼ ነው። እማዬ አጠገቤ ናት። መውጣት ስትፈልግ እጇን ይዤ አብሬያት እወጣለሁ። ሰው የፈለገውን ብሎ ይሳቅብኝ፣ ግድ የለኝም።

እኔ እዚህ ላይ ላቆም ነበር።

ዛሬ ግን መነጽር የስክሪን ፎቶ ላከልኝ። ምንም አልጻፈበትም፤ ፎቶውን ብቻ። የኔው መመሪያ ነው፣ ሙሉውን ያጠፋሁት ገጽ። ተመልሶ መጥቷል። ምሳሌውም ተመልሷል፤ ስሙ ግን የአባዬ አይደለም።

የኔ ነው።

አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ደረጃ፦ ተደውሏል። ተነስቷል። የቆየበት ጊዜ፦ ሦስት ሰዓት፣ ገና አልተቋረጠም።

ከሥሩ አንድ መስመር አለች።

"ደንበኛዋ አትናገርም። ታንኳኳለች።"